ለደንበኛ ማድረስና ሕፃን ማሳደግ

በፍኖተ ሰላም፣ በቡሬና በገበዝ ማርያም አካባቢ ያሉ የገጠር እናቶች ከቤታቸው የሚያወጡት ብዙ ነገር አለ። ወተት አለ፤ እንቁላል አለ፤ ቅቤ አለ፤ ጎመንና ቃሪያ አለ። ይህን ሁሉ የሚፈልግ ሰው ደግሞ ከተማ ውስጥ አለ። በመካከሉ ያለው መንገድ ነው። መንገዱን የሚሄድ ሰው ገንዘብ ያገኛል። ታዲያ ጡት የሚጠባ ወይም ገና እግር ያላወጣ ልጅ ያላት እናት ይህን መንገድ እንዴት ትሂደው? ልጁን ማን ይያዝላት? የልጁስ ድርሻ ምን ይሁን? ይህ ጽሑፍ የሚያስረዳው ይህንኑ ነው።

ገበያ መቀመጥና ለደንበኛ ማድረስ

አንድን ነገር በሁለት መንገድ መሸጥ ይቻላል። አንደኛው ገበያ ይዞ ወጥቶ መቀመጥ ነው። ሁለተኛው ለታወቀ ደንበኛ ቤቱ ድረስ ማድረስ ነው።

ገበያ የወጣች እናት ገዢ እስኪመጣ ትጠብቃለች። ፀሐይ ይመታታል፤ ሕፃኑም አብሮ ይመታል። ሲመሽ ያልተሸጠውን መልሳ ላለመሸከም ስትል በወረደ ዋጋ ትሰጣለች። ወተት ከሆነ ደግሞ እስከ ቀትር አይቆይም፤ ይበላሻል። ቀኑ በሙሉ ያልቃል።

ደንበኛ ያላት እናት ግን የት እንደምትሄድ ታውቃለች። ለማን ስንት ሊትር እንደምትሰጥ ታውቃለች። ዋጋው አስቀድሞ ተስማምተውበታል። በጧት ሄዳ ሰጥታ ትመለሳለች። መንደሩ ለከተማ ቅርብ ከሆነ ሁለት ሦስት ሰዓት ይበቃል። የቀረው ቀን ለቤት፣ ለማሳና ለልጅ ይሆናል። ስለዚህ ሕፃን ላላት እናት ከገበያ ይልቅ የደንበኛ ሥራ ይሻላል እንላለን።

ነገር ግን የደንበኛ ሥራ አንድ ግዴታ አለው። ቃል ነው። ደንበኛው ልጁን ወተት አጠጥቶ ትምህርት ቤት የሚልከው የእኛን መምጣት ጠብቆ ነው። ዛሬ መጥተን ነገ ብንቀር ሌላ ሰው ይፈልጋል። ሰዓት ማክበር፣ ልክ ማክበር፣ ንጽሕና ማክበር፤ ሦስቱ የደንበኛ ሥራ ምሰሶዎች ናቸው።

ደንበኛ ማን ነው?

በከተማ ላም የሌለው ሰው ብዙ ነው። መምህሩ፣ የጤና ባለሙያው፣ የቢሮ ሠራተኛው፣ ሹፌሩ፣ ባለ ሱቁ ሁሉም ከገበያ ገዝቶ የሚበላ ነው። ሻይ ቤቱና ምግብ ቤቱም በየቀኑ ወተትና እንቁላል ይፈልጋል። በቡሬ በኩል በ2013 ዓ.ም. የተቀናጀ አግሮ ኢንዱስትሪ ፓርክ ተመርቋል። እንዲህ ያለ ሥራ በተከፈተበት አካባቢ ሁሉ ቤት ተከራይቶ የሚኖር፣ የሚያርሰውም የሚያልበውም የሌለው ሰው ይበዛል።

ደንበኛ ስንፈልግ ከሩቅ አንጀምር። ቤተ ዘመድ፣ የአበ ልጅ፣ የጡት እናት፣ ከእኛ ቀበሌ ወጥቶ ከተማ የገባ ሰው ካለ ከእርሱ እንጀምር። እርሱ ለጎረቤቱ ይነግራል። በአንድ ሰፈር ውስጥ ያሉ አራት ደንበኞች በአራት ሰፈር ከተበተኑ ስምንት ደንበኞች ይሻላሉ። መንገዱ ያጥራል፤ ልጅም ቶሎ ወደ ቤቱ ይመለሳል።

ምን እናድርስ?

በአገራችን የገዢው ፍላጎት ከጾሙ ጋር ይሄዳል። ይህን የማያውቅ ሻጭ ይከስራል። ረቡዕና ዓርብ ወተት የሚገዛ ሰው ጥቂት ነው። ዐቢይ ጾም 55 ቀን ነው። የነቢያት ጾም አለ፤ የሐዋርያት ጾም አለ፤ የፍልሰታ 15 ቀን አለ። በእነዚህ ቀናት ወተትና እንቁላል ይዞ መንከራተት ዋጋ የለውም።

ስለዚህ ሁለት ዓይነት ዕቃ እናስብ። በፍስክ ወተት፣ እርጎ፣ ቅቤ፣ አይብና እንቁላል እናደርሳለን። በጾም ደግሞ ጎመን፣ ድንች፣ ቃሪያ፣ ሽሮ፣ የተቆላ ተልባና ኑግ እናደርሳለን። በእኛ አካባቢ በርበሬ በሰፊው ይበቅላል። ተቀንጥሶና ታጥቦ የተዘጋጀ በርበሬ ለከተማ ሴት ትልቅ ዕረፍት ነው። እንጀራ ደግሞ ጾምም ፍስክም አይልም፤ በየቀኑ ይፈለጋል። እንጀራ ጋግራ በመሶብ ወይም በንጹሕ ዕቃ የምታደርስ እናት ዓመቱን ሙሉ ሥራ አላት።

በጾም ቀን የታለበው ወተት ግን ምን ይሁን? ይጠራቀምና ይረጋል፤ ከዚያም ይናጣል። ከሀገር ላም ወተት አንድ ኪሎ ቅቤ ለማውጣት ብዙውን ጊዜ ከ15 እስከ 20 ሊትር ያስፈልጋል። ቅቤ ሳይበላሽ ስለሚቆይ የፍስኩን ቀን ይጠብቃል። አሬራውና አይቡ ደግሞ ለቤት ይሆናል።

እስቲ እናስላ

ፊደል የቆጠረ ሰው ሥራ ከመጀመሩ በፊት ያሰላል። የወተት ዋጋ በየጊዜው ይለዋወጣል። ስለዚህ ከዚህ በታች የጻፍነው ዋጋ ለስሌቱ ብቻ ነው፤ እያንዳንዱ ሰው የራሱን ሰፈር ዋጋ አስገብቶ ያስላ።

የሀገር ላም በቀን የምትሰጠው አንድ ወይም ሁለት ሊትር ነው። ጥጃዋ ከጠባ በኋላ ሁለት ሊትር አገኘን እንበል። ግማሽ ሊትር ለልጆቻችን እናስቀምጣለን። አንድ ሊትር ተኩል ለደንበኛ ይሄዳል። የአንድ ሊትር ዋጋ 60 ብር ቢሆን፣ የአንድ ሊትር ተኩል ዋጋ 90 ብር ነው።

በሳምንት ሰኞ፣ ማክሰኞ፣ ሐሙስና ቅዳሜ እናደርሳለን። ረቡዕና ዓርብ ጾም ነው፤ እሑድ ሰንበት ነው። በሳምንት 4 ቀን ማለት በ4 ሳምንት 16 ቀን ነው። 16 ጊዜ 90 ብር 1440 ብር ይሆናል።

ይህ ሁሉ ትርፍ ነውን? አይደለም። ላሟ ፋጉሎ በልታለች። ዕቃ ማጠቢያ ሳሙና ተገዝቷል። ለመኖዋና ለሌላው 440 ብር ወጣ እንበል። 1440 ሲቀነስ 440 የሚቀረው 1000 ብር ነው። ትርፍ የምንለው ይህን የቀረውን ነው። ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። በእጁ የገባውን ሁሉ ትርፍ ይመስለዋል፤ ኋላ ላሟ ስትከሳና ወተቱ ሲቀንስ ይደነግጣል።

በቀሩት 3 ቀናትስ? በሳምንት 3 ቀን አንድ ሊትር ተኩል ቢጠራቀም 4 ሊትር ተኩል ነው። በ4 ሳምንት 18 ሊትር ይሆናል። ይህም ወደ አንድ ኪሎ ቅቤ የሚጠጋ ነው። እንግዲህ የጾሙም ቀን ባዶ አልሄደም ማለት ነው።

የልጅ ድርሻ ይቅደም

አሁን ወደ ዋናው ነገር መጣን። ከላይ ባለው ስሌት ግማሽ ሊትር ለልጆች አስቀምጠናል። ይህን ግማሽ ሊትር ብንሸጠው ደግሞ 30 ብር እናገኝ ነበር። ታዲያ ለምን አንሸጠውም?

ምዕራብ ጎጃም ጤፍ፣ በቆሎ፣ ስንዴና ዳጉሳ የሚታፈስበት አገር ነው። ሆኖም ጎተራ መሙላቱ ብቻ ልጅ አያሳድግም። በ2008 ዓ.ም. በተደረገው የኢትዮጵያ የሥነ ሕዝብና የጤና ጥናት መሠረት፣ በአማራ ክልል ዕድሜያቸው ከአምስት ዓመት በታች ከሆነ 100 ሕፃናት ውስጥ 46ቱ ቁመታቸው ለዕድሜያቸው ከሚገባው ያነሰ ነበር። ይህም መቀንጨር ይባላል። የቀነጨረ ልጅ የሚያጥረው በቁመት ብቻ አይደለም። በሽታ ቶሎ ይይዘዋል፤ ትምህርት ለመቀበልም ይቸገራል። አንዱ ምክንያት ልጁ እህል ብቻ እየበላ ወተት፣ እንቁላል፣ ጥራጥሬና ቅጠላ ቅጠል አለማግኘቱ ነው። ወተቱና እንቁላሉ ከቤት ሳይጠፋ ልጁ ሳያገኘው ያድጋል። ለምን? ተሸጦ ነዋ!

እንቁላል ሸጦ ለልጅ ብስኩትና ከረሜላ ገዝቶ መግባት ደግሞ ከሁሉ የከፋ ንግድ ነው። ገንዘቡ ወጥቷል፤ ልጁም የሚገነባውን ምግብ አጥቷል። አሥራ ሁለት እንቁላል ከተጠራቀመ ስምንቱን እንሽጥ፤ አራቱን ልጁ ይብላ። የልጅ ድርሻ ወጥቶ የተረፈው ነው የደንበኛ ድርሻ። ለጾም ያልደረሰ ሕፃንም በጾም ቀን ወተቱን ሊነፈግ አይገባም።

ስድስት ወር ያልሞላው ሕፃን ግን ከእናት ጡት ሌላ ምንም አያስፈልገውም፤ ውኃም ቢሆን። ስለዚህ እንዲህ ያለውን ሕፃን ለረጅም ሰዓት ትቶ መሄድ አይገባም። እናቱ ከሄደች አብሮ ይሂድ፤ ወይም ደግሞ በእነዚያ ወራት መንገዱን ሌላ ሰው ይሂድላት። አራስ ሴት ሸክም ይዛ መንገድ መውጣት የለባትም። ስድስት ወር ከሞላው በኋላ ከጡቱ ጋር ገንፎ፣ የተፈጨ ጥራጥሬ፣ ወተትና እንቁላል እየተጨመረ ይሰጠዋል። ያን ጊዜ ጥቂት ሰዓት ከሌላ ሰው ጋር ሊቆይ ይችላል።

ወንፈል ለልጅ ጥበቃ

ወንፈልን ማን የማያውቅ አለ? ዛሬ የአንተን ማሳ አርሜ፣ ነገ አንተ የእኔን ታርማለህ። ይኸው ዘዴ ለልጅ ጥበቃና ለደንበኛ ሥራም ይሆናል።

ሦስት ጎረቤት እናቶች ቢስማሙ ሥራው እንዲህ ይሆናል። አንደኛዋ የሦስቱንም ቤት ወተት ይዛ ከተማ ትሄዳለች። ሁለተኛዋ የሦስቱንም ቤት ልጆች ይዛ ትውላለች። ሦስተኛዋ የራሷን ሥራ ትሠራለች። በሚቀጥለው ቀን ተራው ይዞራል። በሳምንት 4 የማድረሻ ቀን ካለ፣ በ3 ሳምንት 12 ቀን ነው። 12 ለ3 ሲካፈል 4 ነው። እያንዳንዷ እናት 4 ቀን መንገድ ትሄዳለች፤ 4 ቀን ልጅ ትጠብቃለች፤ 4 ቀን ደግሞ ለራሷ ነፃ ናት። ብቻዋን ብትሆን ኖሮ 12ቱንም ቀን መሄድ ነበረባት።

ሦስቱ ቤቶች አንድ አንድ ሊትር ተኩል ቢያዋጡ 4 ሊትር ተኩል ይሆናል። ይህ ለአንድ ሰው የሚከብድ ሸክም አይደለም። ድር ቢያብር አንበሳ ያስር ሲባል እንዲህ ያለውን ነው።

ነገር ግን ወንፈል እንዳይፈርስ ሕግ ያስፈልገዋል። አንደኛ፣ የእያንዳንዱ ቤት ወተት ከመቀላቀሉ በፊት በአንድ መስፈሪያ ተሰፍሮ ይጻፍ። ሁለተኛ፣ የተበላሸ ወተት የሰጠ ቤት የሁሉንም ያበላሻልና እየተቀመሰና እየተሸተተ ይቀበሉ። ሦስተኛ፣ ልጅ የምትጠብቅ እናት በዚያ ቀን እሳትና ውኃ አጠገብ ልጅ ትታ እንዳትሄድ። በገጠር ቤት ትልቁ አደጋ ይኸው ነው፤ ክፍት ምድጃ፣ የፈላ ውኃ፣ ጉድጓድና ወንዝ። አራተኛ፣ የታመመ ልጅ ከሌሎቹ ጋር አይዋል፤ እናቱ ዘንድ ይሁን፤ ተራዋም ይሻገር።

አባትስ ምን ይሠራል?

«ልጅ መያዝ የሴት ሥራ ነው» የሚል ሰው አሁንም አለ። እኛ ግን እንጠይቃለን። ሚስቱ ያመጣችው ገንዘብ ማዳበሪያ ሲገዛ «የሴት ገንዘብ ነው» ብሎ ይተወዋልን? አይተወውም። ገንዘቡ የጋራ ከሆነ ልጁም የጋራ ነው። በጋብቻ ውስጥ ከሥራ የተገኘ ገቢ የባልና የሚስት የጋራ ሀብት እንደሆነ የቤተሰብ ሕጉም ይደነግጋል። ሚስት ከተማ በሄደችበት ጧት ባል ልጁን ቢይዝ፣ ላሟን ቢያልብ፣ ውኃ ቢቀዳ ክብሩ አይቀንስም። እንዲያውም የቤቱ ገቢ ይጨምራል።

ሌላም ነገር አለ። «ሴቲቱ ሕፃን ስላላት ትልቋ ልጅ ትሂድ» ተብሎ የሰባትና የስምንት ዓመት ልጅ ወተት ተሸክማ ከተማ ትላካለች። ወይም ደግሞ ሕፃን ልትይዝ ከትምህርት ቤት ትቀራለች። ይህ አይገባም። በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 36 ሕፃናት ትምህርታቸውን ወይም ጤናቸውን ከሚጎዳ ሥራ እንዲጠበቁ ያዛል። ሕጉ ባይኖርም ልባችን ያውቀዋል። እኛ በጎልማሳነት የቆጠርነውን ፊደል እነሱ በልጅነታቸው እንዲቆጥሩት ካልፈለግን ገንዘቡ ለምን ይጠቅማል? ትልልቆቹ ልጆች ከትምህርት መልስ ሊያግዙ ይችላሉ። የሚያግዙት ግን በአቅማቸውና ከጥናት በተረፈ ጊዜ ነው።

ወተት እንዴት ሳይበላሽ ይደርሳል?

በወተት ውስጥ በዓይን የማይታዩ ጀርሞች አሉ። በሙቀት ውስጥ እነዚህ ጀርሞች ቶሎ ቶሎ ይራባሉ። ስለዚህ ወተትን የሚያበላሹት ሁለት ነገሮች እድፍና ሙቀት ናቸው። መከላከያው የሚከተለው ነው።

ከማለብ በፊት እጅና የላሟ ጡት በንጹሕ ውኃ ይታጠብና ይደረቅ። ላሟ የታመመ ጡት ካላት የዚያች ላም ወተት አይቀላቀል። ዕቃው አፉ ሰፊ፣ እጅ ገብቶ የሚያጥበው ይሁን። ዘይት የነበረበት የፕላስቲክ ጀሪካን አይሆንም፤ አንገቱ ጠባብ ስለሆነ እድፉ ከውስጥ አይለቅም። ብረት ወይም አልሙኒየም ይሻላል። እናቶቻችን ቅሉን በግራዋ አጥበው በወይራ ጭስ ማጠናቸው ያለ ምክንያት አይደለም። ጭሱ ሽታ ከመስጠቱም ሌላ ጀርም ይቀንሳል።

የማታ ወተት ከጧት ወተት ጋር አይቀላቀል። ጧት የታለበው ወዲያው ይሂድ። በመንገድ ላይ ዕቃው በረጠበ ጨርቅ ቢጠቀለል ይቀዘቅዛል። ለደንበኛው ደግሞ አፍልቶ እንዲጠጣ እንንገረው። የሳንባ ነቀርሳና ውርጃ የሚባለው የከብት በሽታ ካልፈላ ወተት ወደ ሰው ይተላለፋሉ። ይህ ለከተማው ደንበኛ ብቻ ሳይሆን ለቤታችንም ልጅ የሚሠራ ምክር ነው።

ወተት ላይ ውኃ መጨመርስ? ይህ ሌብነት ነው። ደግሞም ይታወቃል፤ የወተት መመዘኛ መሣሪያ ያለው ሻይ ቤት ወዲያው ያገኘዋል። ከሁሉ በላይ ግን የወንዝ ውኃ የተጨመረበት ወተት የሚጠጣው እንደኛው ልጅ ያለ ሕፃን ነው። ተቅማጥ ይዞት ሊሞት ይችላል።

እንቁላልም ይፈተናል። በውኃ ውስጥ ሲገባ ወደ ታች ሰጥሞ የሚተኛው ትኩስ ነው። የሚንሳፈፈው የቆየ ነው፤ ለደንበኛ አይሰጥም። በመንገድ ላይ ደግሞ አለመቸኮል ነው። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች።

ደብተርና ዱቤ

ብዙ ደንበኛ የሚከፍለው በወር መጨረሻ፣ ደመወዝ ሲቀበል ነው። ስለዚህ ዱቤ አይቀርም። ዱቤ ደግሞ በቃል ሲያዝ ጠብ ያመጣል። «ሃያ ቀን ነው የመጣሽው»፣ «የለም ሃያ ሁለት ነው» ይባባላሉ። ደንበኛም ይጠፋል፤ ገንዘብም ይቀራል።

ከሐምሌ 1 ቀን 1971 ዓ.ም. ጀምሮ በተካሄደው የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ሕፃን አዝለው ፊደል የቆጠሩ እናቶች ነበሩ። ያ ድካም ፍሬ የሚያፈራው እንዲህ ባለው ቦታ ነው። አንድ ደብተር ይገዛ። ለእያንዳንዱ ደንበኛ አንድ ገጽ ይሰጠው። ከላይ ስሙ ይጻፍ። ከዚያ በታች በአራት ረድፍ ይከፈል፤ ቀን፣ ልክ፣ ዋጋ፣ የተከፈለ። ለምሳሌ «ጥቅምት 4፣ 1 ሊትር፣ 60 ብር፣ አልተከፈለም» ተብሎ ይጻፍ። ደንበኛው እዚያው ይፈርምበት። በወር መጨረሻ መደመር ብቻ ነው። ሰውም አይጣላም።

አንድ ደንበኛ ያለፈውን ወር ሳይከፍል አዲስ ዱቤ አይሰጠው። ይህን መናገር ያሳፍራል፤ ግን ቀድሞ ከተነገረ አያሳፍርም። ስልክ ያለው ደንበኛ በቴሌብርም ሊከፍል ይችላል። ያን ጊዜ መልእክቱ መግባቱን አንብበን ካረጋገጥን በኋላ ብቻ «ተከፍሏል» ብለን እንጻፍ።

የተገኘው ገንዘብ ደግሞ ቤት ከተቀመጠ እንደ ውኃ ይፈሳል። ዕቁብ መግባት አንድ መንገድ ነው። ሌላው በስም ደብተር አውጥቶ መቆጠብ ነው። ቀድሞ የአማራ ብድርና ቁጠባ ተቋም ይባል የነበረውና በ2014 ዓ.ም. ጸደይ ባንክ የሆነው ድርጅት፣ ሌሎችም ባንኮችና የገጠር ቁጠባና ብድር ማኅበራት አነስተኛ ቁጠባ ይቀበላሉ። በወር ትንሽ ትንሽ ቢጠራቀም በዓመቱ ጊደር መግዣ፣ ወይም የዶሮ ቤት መሥሪያ፣ ወይም የልጅ ትምህርት ቤት ወጪ ይሆናል። ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል።

የመንገድ ጥንቃቄ

ሕፃን ከጀርባ፣ ሸክም ከራስ ወይም ከእጅ ሲሆን ሰውነት ይጎዳል። በአዲስ አበባ ከእንጦጦ ጫካ እንጨት ተሸክመው የሚወርዱ እናቶች ብዙ ጊዜ ከ30 ኪሎ በላይ ሲሸከሙ ኖረዋል፤ ብዙዎቹ የወገብና የአንገት ሕመም ተርፏቸዋል። ስለዚህ ልጅ ያዘለች እናት ከባድ ነገር አትሸከም። እርጉዝ ሴትም እንዲሁ። ብዙ ዕቃ ካለ አህያ ይጫን።

በክረምት ወንዝ ሲሞላ መሻገር አይገባም። የአንድ ቀን ወተት ቢቀር ሊናጥ ይችላል፤ ሰው ከሄደ ግን አይመለስም። በአዋራውና በዋናው አስፋልት ላይ መኪና በሚመጣበት በኩል ፊትን አዙሮ በግራ ጠርዝ መሄድ ይሻላል። ከ2015 ዓ.ም. መጨረሻ ወዲህ በክልላችን በተነሳው ግጭት ሳቢያ መንገድ የሚዘጋበት ቀን እንዳለ ሁላችንም እናውቃለን። እንዲህ ባለው ቀን ከቤት አለመውጣት ነው። ለደንበኛው ከመጀመሪያው «መንገድ ሰላም ካልሆነ አልመጣም» ብሎ መስማማት ያስፈልጋል። ለዚህም ነው አንድ ቤት በዚህ ገቢ ብቻ እንዳይተማመን የምንመክረው። የደንበኛ ሥራ ተጨማሪ ነው እንጂ የቤት ምሰሶ አይደለም።

የሌላ አገር እናቶች

ይህ ችግር የእኛ ብቻ አይደለም። በሕንድ አገር ጉጃራት በምትባለው ክፍለ ሀገር፣ አናንድ በምትባል ከተማ ዙሪያ የሚኖሩ ገበሬዎች በ1939 ዓ.ም. የወተት ኅብረት ሥራ ማኅበር አቋቋሙ። አንድ ሁለት ላም ወይም ጎሽ ያላቸው ድሆች ነበሩ። እያንዳንዱ ለብቻው ሲሸጥ ነጋዴ ዋጋ ይጥልበት ነበር። ሲተባበሩ ግን በየመንደሩ አንድ መሰብሰቢያ አበጁ። ሴቶቹ ጧትና ማታ ወተታቸውን እዚያው ደጃቸው አጠገብ አስረክበው ይመለሳሉ። ከተማ ድረስ የሚያመላልሰው ማኅበሩ ነው።

በዚያው ክፍለ ሀገር በአሕመዳባድ ከተማ፣ በ1964 ዓ.ም. ኤላ ባት የሚባሉ ሴት በቤታቸውና በመንገድ ላይ እየሠሩ የሚያድሩ ሴቶችን ማኅበር መሠረቱ። በ1966 ዓ.ም. 4000 ያህል ሴቶች እያንዳንዳቸው 10 ሩፒ አዋጥተው የራሳቸውን ባንክ አቋቋሙ። ብዙዎቹ መፈረም እንኳ አይችሉም ነበር። ማኅበሩ ኋላ የሕፃናት ማቆያ ቤቶችም ከፈተ፤ እናት ስትሠራ ልጅ የሚውልበት ቦታ ካላገኘ ሥራው እንደማይጸና አውቀው ነበርና። እነሱ በትልቁ ያደረጉትን ሦስት ጎረቤቶች በትንሹ ሊያደርጉት ይችላሉ።

ሥራው መቼ ይቁም?

ማናቸውም ሥራ ልክ አለው። ልጁ እየከሳ ከሄደ፣ ጡት መጥባት ከቀነሰ፣ ተቅማጥ ከደጋገመው ሥራው ለጊዜው ቆሞ ልጁ ወደ ጤና ኬላ ይወሰድ። የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ በክንዱ ላይ በምትለካው መለኪያ መክሳቱን አለመክሳቱን ትነግረናለች። ላሟ ከደረቀች ጥጃን አስርቦ ወተት መፈለግ አይገባም፤ የነገዋ ላም ያቺው ጥጃ ናት። ከመንገዱ ርዝመትና ከወጪው የተነሳ ደብተሩ ትርፍ ካላሳየ ደግሞ ሌላ ሥራ መፈለግ ብልህነት ነው። ደብተር የያዝነው እውነቱን እንዲነግረን ነው።

አንብበን እንወያይ

1. ሕፃን ላላት እናት ገበያ ከመቀመጥ ለደንበኛ ማድረስ የሚሻለው ለምንድን ነው?
2. በገቢና በትርፍ መካከል ያለው ልዩነት ምንድን ነው? የራሳችሁን ሰፈር ዋጋ አስገብታችሁ አስሉ።
3. በቤታችሁ ከታለበው ወተትና ከተለቀመው እንቁላል የልጆች ድርሻ ስንት ነው?
4. ስድስት ወር ያልሞላው ሕፃን ለረጅም ሰዓት ተትቶ የማይኬደው ለምንድን ነው?
5. በመንደራችሁ ለልጅ ጥበቃ ወንፈል ሊገቡ የሚችሉ ሦስት ቤቶች የትኞቹ ናቸው? ሕጋቸውስ ምን ይሁን? ተነጋገሩና በደብተራችሁ ጻፉት።